የጡት ወተት ውስጥ ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖችን ስትፈልጉ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ፦ ስኳር አገኛችሁ ማለት ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን አገኛችሁ ማለት አይደለም። በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ 70 ግራም ገደማ ላክቶስ (የወተት ስኳር) አለ። በዚያ ላይ ከ5 እስከ 15 ግራም የሚሆኑ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዙ ኦሊጎሳካራይዶች (አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች) አሉ። ፕሮቲኑ ግን ሁሉም ተደምሮ 10 ግራም ገደማ ነው። ነፃውን ስኳር አጥባችሁ ሳታስወጡ ወደ ምርመራ አትግቡ።

ሁለተኛ፣ ስቡን አትድፉት። ወተቱን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጁ፣ ሲያበቃ ከላይ የሰፈፈውን ጥሎ ከሥር ያለውን ብቻ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ግን እነ ሙሲን 1፣ ቡታይሮፊሊንና ላክታድሄሪን የሚባሉት ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ያሉት የስብ ጠብታዎቹን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ለብቻው አስቀምጡት፣ ለብቻው መርምሩት።

እንገርንና ወራት የቆየ ወተትንም አትደባልቁ። እንገር ውስጥ ላክቶፌሪንና ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባሉት ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች በጣም ይበዛሉ፤ ስትቀላቅሉት ልዩነቱ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ፣ ቀጥሎ ከፕሮሊን በቀር ማንኛውም አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን፤ ይህን ቅደም ተከተል ስላዩ ብቻ «ስኳር አለው» ብለው ይጽፋሉ። ቦታው ስኳር ሊያያዝበት ይችላል እንጂ ተያይዞበታል ማለት አይደለም። ለማረጋገጥ ፒኤንጌዝ ኤፍ የሚባለውን ኢንዛይም እንጠቀማለን፤ ስኳሩን ሲቆርጠው አስፓራጂኑ አስፓርቲክ አሲድ ይሆንና ክብደቱ በ0.984 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይጨምራል። ችግሩ፣ ስኳር ነክቶት የማያውቅ አስፓራጂንም ናሙናው ሞቅ ባለ አልካላይን ውሃ ውስጥ ሲያድር በራሱ ጊዜ እንዲሁ ይለወጣል። ስለዚህ ኢንዛይሙን ኦክስጅን 18 (ከተለመደው የከበደ ኦክስጅን) ባለው ውሃ ውስጥ አሠሩት፤ ያኔ ጭማሪው 2.988 ይሆናል፣ ቀድሞ የተለወጠው ይለያል። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ እዚያው ውሃ ውስጥ እያለም የሚለወጥ አለና። ኢንዛይም ያልገባበት ናሙና በዚያው ውሃ፣ ለዚያው ሰዓት ጎን ለጎን ይቀመጥ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ።

ስኳሩን ሳትቆርጡ ከነፕሮቲኑ ቁራጭ የምትመዝኑ ከሆነ ደግሞ ፉኮስ የሚባለውን የስኳር ዓይነት ተጠንቀቁ። ሁለት ፉኮስ 292.116 ዳልተን፣ ሲያሊክ አሲድ የሚባለው ሌላ የስኳር ዓይነት ደግሞ አንዱ 291.095 ዳልተን ነው። ሶፍትዌሩ በ1 ዳልተን ገደማ ከተራራቁት የአይሶቶፕ ጫፎች የመጀመሪያውን ስቶ ሁለተኛውን ከያዘ ሲያሊክ አሲዱ ሁለት ፉኮስ ሆኖ ይመዘገባል። የእናት ወተት ፉኮስ ስለሚበዛበት ውጤቱ እውነት ይመስላል፣ ማንም አይጠራጠረውም። ስፔክትረሙን (የክብደት ንባቡን ሥዕል) ራሳችሁ ክፈቱና 274.09 ላይ ጫፍ መኖሩን እዩ፤ ካለ ሲያሊክ አሲድ አለ።

የሞቀ ወይም ደርቆ የተቀመጠ ወተት ላይ ደግሞ ላክቶስ ያለ ምንም ኢንዛይም ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። 324 ዳልተን ጭማሪ ካያችሁ የእናትየው ሴል የሠራው ነው ከማለታችሁ በፊት ወተቱ እንዴት እንደተቀመጠ ጠይቁ።