የጓደኛ ትዳር ሲናጋ፦ ለመርዳት ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጓደኛችን ከባሏ ተጣልታ ስትደውል ዝም ማለት አንችልም። ዝም በሉም አልልም። ግን ስንቱ ሊበርድ የነበረ ጠብ በእኛ በተቆርቋሪዎቹ ምክንያት ፍርድ ቤት ደርሷል። ከምናጠፋቸው ጥፋቶች የባሱት እነዚህ ይመስሉኛል።

አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ

ደህና ሽማግሌ ሁለቱንም ሳይሰማ አይፈርድም። ጓደኛ ግን ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ፈርዶ ይነሳል። እሷ "ሰሞኑን ደሞዙን የት እንደሚያደርሰው አላውቅም" ትላለች። እኛ ቀበል አድርገን "ሌላ ሴት ይዞ ነዋ!" እንላለን። ብሩ ለታመመ ወንድሙ እየተላከ ሊሆን ይችላል፤ ለቁማርም ሊሆን ይችላል። ማናችንም አናውቅም። እሷ ግን ያላሰበችውን ጥርጣሬ ይዛ ቤቷ ትገባለች። ጓደኛችን ዋሽታ አይደለም፤ የተናደደ ሰው የራሱን ጥፋት አይቆጥርም። "አንቺስ ምን አልሽው?" የምትል አንዲት ጥያቄ ከብዙ ምክር ትሻላለች።

"እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም" ማለት

አንደኛ፣ እናንተ አይደላችሁም። ልጆቹን፣ በሁለቱ ስም የሚከፈለውን የኮንዶሚኒየም ዕዳ፣ አብረው ያሳለፉትን ዘመን አልኖራችሁትም።

ሁለተኛውና የባሰው፣ ሰው በጓደኞቹ ፊት ከፎከረ በኋላ መመለስ ይከብደዋል። "በቃ ፈታሁት" ያለች ሴት በሳምንቱ ልቧ ሲራራ የሚይዛት ባሏ አይደለም፤ "እነሱን ምን እላቸዋለሁ?" የሚለው ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉታል። ወንዶቹም ዘንድ ያው ነው። ድራፍት ቤት "ወንድ ሁን እንጂ" ተብሎ የወጣ ባል፣ ይቅርታ ለመጠየቅ የነበረውን አሳብ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ሲፎክር አታጨብጭቡ። የሚመለስበትን በር ክፍት ተዉለት።

ስክሪንሾት ማዘዋወር

ድሮ ወሬ በጊዜ ብዛት ይረሳ ነበር። ዛሬ ባል በንዴት የጻፋት ስድብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ለዘላለም ተቀምጣለች። ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ማታ ይታረቃሉ። እሁድ ልደት ቤት ሲገባ ግን ሴቶቹ ሁሉ ሰላምታ ይነፍጉታል። ለምን እንደሆነ ሲገባው አዲስ ጠብ ይጀመራል፣ ያውም ከፊተኛው የከፋ። ለእናንተ ብቻ የተላከ እናንተው ጋ ይቅር።

የሁለቱም ተላላኪ መሆን

"እንዲህ ብላሃለች" አትበሉ። ይህ በተለይ የሚዜዎች በሽታ ነው።

ሳይጠየቁ ሽምግልና መጥራት

ባል ከሥራ ሲገባ አራት ሰው ሶፋው ላይ ተደርድሮ ቢጠብቀው እርቅ አይመስለውም፤ ከበባ ነው የሚመስለው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እንኳ ለዚህ ይጠነቀቃል። አንዱ ወገን ፍቺ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው ይችላል። እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። "ራሳቸው የመረጧቸው" የምትለዋን ልብ በሉ። የነፍስ አባት ይሁን፣ ከሁለቱም ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው ይሁን፣ ምርጫው የእነሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺ መወሰን ይችሉ ነበር። ዛሬ በዚህ አዋጅ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እናንተ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ "ተፋትታችኋል፣ መኪናው የሱ፣ ዕቃው የሷ" ብትሉ ሁለቱም ሕግ ፊት ገና ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ሌላ ሲያገባ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

ዱላ ባለበት "ቻይው" ማለት

እስካሁን ብዙውን "ተዉ" ስል ቆየሁ። እዚህ ላይ ግን አልልም። የሚመታት ከሆነ ነገሩ ጠብ መሆኑ ቀርቷል። "ለልጆችሽ ስትይ" ብሎ መመለስ፣ ወይም ከመታት ሰው ፊት አስቀምጦ "ተሳሳሙ" ማለት ሊያስገድላት ይችላል።

"ለምን አልወጣሽም?" አትበሏት። "ዛሬ የት ታድሪያለሽ?" በሏት። መታወቂያዋን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ እናንተ ቤት አስቀምጡላት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ መጠለያ አለው። አብራችኋት ሂዱ። ያለችበትን ለማንም አትናገሩ፣ "ላስታርቃቸው ነው" ብሎ ለሚለምናችሁ የጋራ ጓደኛም ቢሆን።