ጅማ ላይ ለእናት ወይም ለአባት የሚሆን ተንከባካቢ እንዴት ይመረጣል?

ጅማ ውስጥ እናት ወይም አባት ሲደክሙ፣ ልጆች ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደወለው ለደላላ ነው። «ጥሩ ልጅ ፈልግልኝ» ይባላል። ደላላውም ልጅ ያመጣል። ልጅቷ ጨዋ ልትሆን ትችላለች፤ ግን ልብስ ማጠብና ወጥ መሥራት የምትችል ሁሉ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ሰው አገላብጣ ማጠብ ትችላለች ማለት አይደለም። ስለዚህ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ሥራ ለዩ።

ወላጃችሁ ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ምግብ የሚያቀርብላቸው፣ መድኃኒት የሚያስታውሳቸውና አብሯቸው የሚያወራ ሰው ነው። ሰውነት ማጠብ፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ዳይፐር መቀየር ካለ ሥራው ሌላ ነው፣ ጉልበትም ልምድም ይጠይቃል። ቁስል ማጠብና ካቴተር (የሽንት ቱቦ) መቀየር ደግሞ የነርስ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ አንዲት ልጅ ላይ አትጫኑ። ነርስ በተመላላሽነት እየመጣ የሱን ሥራ ሠርቶ ቢሄድ፣ የዕለት ተዕለቱን ሌላ ሰው ቢይዝ፣ ወጪውም ይቀንሳል፣ ወላጃችሁም በማያውቅ እጅ አይጎዱም።

ወላጃችሁን ሳትጠይቁ ሰው አታምጡባቸው። ይህን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። አባት ወጣት ሴት እንድታጥባቸው ሊያፍሩ ይችላሉ። ውዱእ ለማድረግ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የሚያግዛቸው ይፈልጋሉ፤ ጾም ሲመጣም ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰው ጾማቸውና መድኃኒታቸው እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር አለበት። ቋንቋም አለ። ጅማ ውስጥ አማርኛ አቀላጥፈው የኖሩ እናት መርሳት ሲጀምሩ ወደ ልጅነታቸው ኦሮምኛ፣ ዳውሮኛ ወይም ከፊኛ ሊመለሱ ይችላሉ። ያኔ ከጎናቸው ያለው ሰው የሚሉትን ካልሰማ ሕመማቸውንም አይሰማም።

ፍለጋውን የተንከባካቢዋን ሥራ በዓይኑ ካየ ሰው ጀምሩ። ቤተሰቡን በደንብ ያስታመመችለት ጎረቤት ካለ ያ ምስክርነት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቁ፣ የሰፈሩን ቤት ያውቁታል። እድር ላይ፣ መስጊድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተናገሩ። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶችንም አስቡ፤ አንዳንዶቹ እዚያ ዓመታት ሙሉ አረጋዊ ሲንከባከቡ ኖረዋል። ድርጅት ከሆነ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ። የመጣችው ልጅ ስትታመም ማን ይተካታል? በየጊዜው ሰው ይቀያይራሉ? ነርስ እንልካለን ካሉ የነርሷን የሙያ ፈቃድ ከመታወቂያዋ ጋር አስተያዩ።

ሰው ስታነጋግሩ «ትችያለሽ?» አትበሉ። ሁሉም እችላለሁ ይላል። ሁኔታ ስጧትና ምን እንደምታደርግ ትንገራችሁ።

ለምሳሌ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት በድንገት አላባቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ተዘበራረቀ። ምን ታደርጊያለሽ? ጥሩ መልስ፣ ራሳቸውን ካወቁና መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ነገር አጠጣለሁ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳላደርግ ሆስፒታል አደርሳለሁ፣ ለእናንተም እደውላለሁ ነው። ወይም አባት ጠዋት ሲነሱ ፊታቸው በአንድ ጎን ወርዷል፣ አንድ እጃቸው ዝሏል። «ትንሽ ይተኙ» የምትል ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ይህ የስትሮክ ምልክት ነው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያስኬድ ነው። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ደግሞ በየስንት ሰዓቱ እንደምታገላብጥ ጠይቁ። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መሆን አለበት፣ አለዚያ ታፋና ተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል። ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት መጀመሪያው ነው። ባታውቅ እንኳ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» የምትል ሰው ትሻላለች፤ ማሠልጠን ይቻላል።

ከዚያ የሙከራ ጊዜ ስጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት የቤተሰብ ሰው እቤት ይዋል። ስትገባ መጀመሪያ ለማን ሰላምታ ሰጠች? ወላጃችሁ ተቀምጠው ሳለ ስለነሱ ከእናንተ ጋር ብቻ ታወራለች ወይስ ዞራ «እማማ፣ ይመቻል?» ትላለች? ስታነሳቸው በክንዳቸው ትጎትታለች ወይስ ደግፋ ነው? ስታጎርስ ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ የጎረሱት እስኪወርድ ትጠብቃለች? እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። እጅ አይዋሽም።

ቤቱንም እዩ። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፣ መጸዳጃ ግቢ ውስጥ ከሆነ በጭቃ ላይ መውደቅ አለ። ለሌሊት ፖፖ አዘጋጁ፣ መንገዱ ላይ መብራትና የሚይዙት ነገር አድርጉ። ይህንን ሳታሟሉ የወደቁት በሷ ጥፋት ነው ማለት ተገቢ አይደለም።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የሚቀጠርን ሰው ስለማይሸፍን፣ ሁለታችሁንም የሚጠብቃችሁ ያ ወረቀት ነው። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ ስትታመም የሚሆነው ሁሉ ይጻፍ። የመታወቂያዋን ኮፒ ያዙ፣ ተያዥ ይኑራት፣ ተያዡንም ሄዳችሁ እወቁት። እረፍቷን በቁም ነገር ያዙ። ሌሊቱን ስትነሳ ያደረች ሰው ቀን ካልተኛች ትዕግሥቷ ያልቃል፣ ያኔ የሚጎዱት ወላጃችሁ ናቸው።

ገንዘብ ላይ ግልጽ ሁኑ። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ሚስጥር ቁጥር፣ የጡረታ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ እሷ እጅ አይግባ። ለአስቤዛ በየሳምንቱ ቆጥራችሁ ስጡ፣ ወጪው ደብተር ላይ ይጻፍ። በዚያው ደብተር መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓትና የበሉት ነገርም ይስፈር።

ዋናው ግን ዓይን ነው። ታማኝ ሰው ያለ ጠያቂ ብቻውን ሲተው ይደክማል፣ ታማኝ ያልሆነው ደግሞ ክፉ ለማድረግ ይደፍራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቡና አለ። ጎረቤቶቹ እንደ ድሮው እናታችሁ ቤት ቡና እየጠጡ ይቀጥሉ፣ ቡናውንና ስኳሩን እናንተ ግዙ። በየቀኑ የሚገባ የሚወጣ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ክፉ ነገር መደበቅ ይከብዳል። በቪዲዮ ስትደውሉ ሰዓቱን አታስለምዱ፤ ካሜራውንም ወደ እግራቸው፣ ወደ አልጋቸው እንድታዞር ጠይቁ።

መክሳት፣ የደረቀ ከንፈር፣ የሽንት ሽታ፣ ማንም የማያብራራው ብልዝ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተለመደ እንቅልፍ ካያችሁ ዝም አትበሉ። እንቅልፉ ሐኪም ካላዘዘው ኪኒን ሊመጣ ይችላል። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ተኝተዋል» እየተባለ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሰው ልካችሁ በሩን አስከፍቱ።

ወላጃችሁ እሷ ስትገባ ዝም የሚሉ ወይም የሚሸማቀቁ ከሆነ ለብቻቸው አነጋግሯቸው፣ አታቻኩሏቸው። ቅሬታው ጨው በዛ፣ አረፈደች ከሆነ በንግግር ይስተካከላል፤ ምትክ ሳይገኝ አታሰናብቱ። ተመቱ፣ ተሰደቡ፣ ተራቡ ከሆነ ግን ምትክ አትጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ትውጣ፣ ሐኪም ይያቸው፣ ለፖሊስም አመልክቱ፣ እስከዚያው ከቤተሰብ አንዱ ሥራውን ትቶም ቢሆን አብሯቸው ይደር።