የማይታይ ብሬስ ከከተማ ዳር እየኖሩ እንዴት ይጀመራል?

ጥርሱን ማስተካከል የሚፈልግ አዋቂ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይታያል ወይ?» ብሎ ነው። በአዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ክሊኒኩ ድረስ ስንት ጊዜ ያመላልሳል? ሕክምናው እንደ ጥርሱ ሁኔታ ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ስፔሻሊስቱ ያለው መሀል ከተማ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቀጠሮ ግማሽ የሥራ ቀን ይበላል። ዓይነቱን ሲመርጡ ይህን ከመልኩ እኩል ይመዝኑት።

ከሁሉ በፊት አፍዎን ያሳክሙ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሠፈርዎ ያለ የጥርስ ክሊኒክ የተቦረቦረውን ይሞላል፣ ጥርስ ላይ ተጋግሮ የደረቀውን ቆሻሻ ያጸዳል፣ የሚደማ ድድ ያክማል። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ፣ ከኋላው አዲስ አጥንት እየተተካ ነው። ስለዚህ የታመመ ድድ ያለውን ጥርስ መግፋት ይብሱኑ ማላላት ነው። ድዱ ጤነኛ ከሆነ ዕድሜ አይከለክልም፤ የ40 ዓመት ሰውም ይታከማል።

አዳማ፣ መተሐራ ወይም ዝዋይ አካባቢ አድገው፣ በልጅነት በጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች ሁለት ነገር ይወቁ። ብሬስ ጥርስን ያሰልፋል እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ማጣበቂያውም እንደ ልብ ስለማይዝ ብራኬት (ሽቦውን ለመያዝ በየጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ መያዣ) ቶሎ ሊወድቅ ይችላል፤ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ እንዲያይልዎት ያድርጉ።

ቀጥሎ ዓይነቱን መምረጥ ነው። «የማይታይ» የሚባሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። የሴራሚክ ብሬስ አሠራሩ ከብረቱ ጋር አንድ ነው፤ በየጥርሱ ላይ ብራኬት ይለጠፍና ሽቦ ይታሰርበታል፤ ብራኬቱ ግን የጥርስ ቀለም ያለው ወይም ብርሃን አሳላፊ ነው። ሴራሚክ ከብረት ይልቅ ተሰባሪ ነው፣ ኤናሜል ከሚባለው የጥርስ ሽፋን ግን ይጠነክራል። በታችኛው ጥርስ ላይ ሲለጠፍ የላይኛውን ሊፍቅ ስለሚችል፣ ብዙ ሐኪሞች ከላይ ሴራሚክ፣ ከታች ብረት ያደርጋሉ። ሁለተኛው አላይነር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው አላይን ቴክኖሎጂ «ኢንቪዛላይን» በሚል ስም ያስለመደው፣ ጥርስን እንደ ጓንት የሚለብስ ስስ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ጥርሱን ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በሌላ ይተካል።

ለከተማ ዳር ነዋሪ አላይነር የሚያጓጓ ብልጫ አለው፤ ሐኪሙ የበርካታ ሳምንታቱን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ሴራሚኩ ግን በአብዛኛው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት አለበት፤ ብራኬት ሲወድቅ ደግሞ ያልታሰበ ጉዞ ይመጣል። በጣም የተጣመመና የዞረ ጥርስን፣ በተለይም የመንጋጋ ችግር ያለበትን፣ ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ብሬስ የተሻለ ይቆጣጠረዋል።

አላይነር የሚሠራው አፍ ውስጥ እስካለ ብቻ ነው፤ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት። እዚህ ላይ ቡና ችግር ይፈጥራል። አላይነር ተደርጎ የሚጠጣው ትኩስ ያልሆነ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡናና ሻይ ያቀልሙታል፣ ስኳር ደግሞ ከፕላስቲኩ ሥር ታፍኖ ጥርስ ያበላሻል። 22 ሰዓት ከተደረገ ለምግብ፣ ለቡናና ለመቦረሽ የሚተርፈው 2 ሰዓት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ያልቃል። ቀን ሁለቴ ቡና ላይ የሚቀመጥ ሰው አላይነር ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ከሚያኖረው ሴራሚኩን ያስለጥፍ እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ግን በጾም ወራት አላይነር ከማንም በላይ ይቀልለዋል።

ሴራሚኩም የራሱ ጣጣ አለው። ሽቦውን በብራኬቱ ላይ የሚይዙት ትንንሽ ላስቲኮች በአልጫ እርድ ቶሎ ቢጫ ይሆናሉ፤ የሚቀየሩት በቀጠሮ ነው። ሠርግ ካለብዎት ቀጠሮውን ከሠርጉ ቀደም ያድርጉት፣ አልጫውንም ለሌሎች ይተዉላቸው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና በቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው መጋጥ እስኪያልቅ ይቅር። ሥጋም በትንንሹ ተቆርጦ ይበላ። መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም፤ ብሩሽና በጥርስ መካከል የሚገባ ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ በጥርስ አሰላለፍ የተማረ ኦርቶዶንቲስት መሆኑን ያረጋግጡ። አጠቃላይ ራጅ ይነሣል፣ የጥርስዎ ቅርጽ ይወሰዳል። ከዚያ ይጠይቁ፦ የሚነቀል ጥርስ አለ? የጥርሴ ጎን ይሞረዳል? አላይነር ከሆነ በጥርሴ ላይ የሚለጠፉ ጉብታዎች አሉ? (እነሱ ካሉ «የማይታይ» የሚለው ስም ትንሽ ይጋነናል።) የወደቀ ብራኬት፣ የጠፋ አላይነርና በመጨረሻ የሚደረገው ሪቴይነር (የተስተካከለው ጥርስ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ የሚይዘው) በዋጋው ውስጥ ናቸው? አላይነሩ ውጭ አገር የሚሠራ ከሆነ ዋጋው በብር የሚቆረጠው መቼ ነው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሐኪም ሳያይዎት በኢንተርኔት የሚታዘዝ አላይነር አይግዙ። ክፍተት ለመዝጋት ጥርስ ላይ ላስቲክ ማሰር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላስቲኩ ወደ ድዱ ሥር ተንሸራቶ ጤነኛ ጥርስ ያስወልቃል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማሉ። ገንፎ፣ አጥሚትና ፍትፍት ያስቡ። ሽቦ ከንፈር ሲወጋ የሚለጠፍ የብሬስ ሰም ከክሊኒኩ ይጠይቁ፤ እስከሚቀጥለው ጉዞ ያቆያል። አላይነር የሚያደርጉ ከሆነ ማስቀመጫው ከቦርሳ አይለይ፤ ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ የተቀመጠ አላይነር ከትርፍራፊው ጋር ይጣላል። የውኃ ጠርሙስም ይያዙ፤ ቧንቧ ደርቆ በሚውልበት ቀን እንኳ አፍዎን ተጉመጥምጠው አላይነሩን አለቅልቀው መመለስ ይቻላል። ከጠፋ ሐኪሙ ጋር ይደውሉ፤ ወደ ቀዳሚው መመለስ ወይም ወደ ቀጣዩ ማለፍ እሱ የሚወስነው ነው። ለዚህ ሲባል ያለፈውን አላይነር አይጣሉት።

ብሬሱ ሲወልቅ ሪቴይነር ይጀመራል። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ ሐኪሙ እንዳዘዘው ማታ ማታ ለዓመታት ይደረጋል። በፈላ ውኃ አይታጠብም፤ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ቆይቶ ሲያደርጉት ካጨናነቀዎት ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነውና፣ ሳይሰነብቱ ቀጠሮ ይያዙ።