«ለቅሶ ደርሳችሁ የለም ወይ?» በሟች ወላጅ ገንዘብ ከባንክ ጋር ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

አባታችን ያረፈው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ዕለት የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም በዓይኔ አይቻለሁ። የሰፈር ሰው ነው፤ አባቴን ለዓመታት ያውቀዋል። ሲወጣም «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎኛል። እኔም ባንኩ መሞቱን ያውቃል ብዬ ተዘናጋሁ።

ከሁለት ወር በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ይዤ ስሄድ ከሂሳቡ 86 ሺህ ብር ጎድሏል። የወጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ያወጣው ደግሞ አባቴ ከዓመታት በፊት ውክልና የሰጠው ዘመዳችን ነው። ደሜ ፈላ። «እንዴት ትከፍላላችሁ? ለቅሶ ደርሳችሁ የለም ወይ?» አልኩ። የሕግ ክፍሉ ሰው ተረጋግቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «በጽሑፍ አሳውቀውናል?»

አላሳወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ያለፍኩበትን፣ ሌሎችም ሲሳሳቱ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምጽፈው ስለ ኢትዮጵያ ነው። በኑዛዜ የተሾመ አስፈጻሚም ሁኑ፣ ፍርድ ቤት የመረጠው ውርስ አጣሪ፣ ወይም እንደ እኔ ወንድምና እህት የወከሉት ልጅ፣ ነገሩ ያው ነው።

ሞቱን በቃል ብቻ መንገር

ከሁሉም የከፋው ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከባንክ ጋር በሚደረግ ክርክር ሰውዬው የሞተበት ቀን ብቻውን ብዙ አይረዳችሁም። ዋናው ባንኩ መሞቱን ያወቀበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ትክክለኛ መስሎ ለቀረበ ሰው በቅን ልቦና ከከፈለ መከራከሪያ አለው። ካወቀ በኋላ ከከፈለ ግን ጣጣው የራሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ መድረሱ ደግሞ ባንኩ አወቀ ማለት አይደለም። ድንኳን ውስጥ ገቢ መዝገብ የለም።

ስለዚህ ሐዘኑ ሳይወጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። የሟች ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር (ካላወቃችሁት ስልክ ቁጥሩ)፣ የሞተበት ቀን፣ ከዚያም ጥያቄያችሁ፦ ወጪው ሁሉ ይታገድ። «ሁሉ» ስትሉ ዘርዝሩት፤ በደብተር፣ በኤቲኤም፣ በሞባይል ባንኪንግ፣ በውክልና። የሞት ምስክር ወረቀት ኮፒ አያይዙ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይላል፤ ወረዳችሁ ያለው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይሰጣችኋል። እስኪደርስ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አያይዙና ግቡ።

ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱ ላይ ገቢ ተብሎ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር አስደርጉ። «እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ችግር የለም» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ። ማህተም ሳይመታበት ንቅንቅ አትበሉ። አንድ ኮፒ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሕግ ክፍልም ላኩ።

ብዙ ሰው የወራሽነት ማስረጃ እስኪወጣ ይጠብቃል። አትጠብቁ። ገንዘብ ለመውሰድ ማስረጃው ያስፈልጋል፤ ሞትን ለማሳወቅ ግን አያስፈልግም።

እኔ ደብዳቤዬን ያስገባሁት ያን የተናደድኩ ቀን ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያው ዘመዳችን ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ 15 ሺህ ብር አወጣ። እገዳውን ሲስተም ላይ አላስገቡትም ነበር። ይህችን 15 ሺህ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት መለሰልኝ። ማህተም ያለበትን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ብዙም አልተከራከሩም። ስለ 86 ሺው ግን «ከዘመድዎ ጋር ይጨርሱ» አሉኝ።

በሟቹ ስልክ ገንዘብ ማውጣት

የሚስጥር ቁጥሩን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ልጅ የትውልድ ዓመት ነው። ድንኳን አለ፣ እንግዳ አለ፣ አርባው እየመጣ ነው። «የራሱ ገንዘብ አይደል፣ ለራሱ ተዝካር ይሁን» ይባላል። ከዚያ በአባባ ስልክ 10 ሺህ ወደ አንዱ ልጅ ሂሳብ ትተላለፋለች። ነገ ደግሞ ሌላ።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ነገ «ከሞተ በኋላ ያለ አግባብ ወጪ ተደርጓል» ብላችሁ ስትከሱ ባንኩ ዝርዝሩን አትሞ ያመጣል። የእናንተም ዝውውር እዚያው አለ። ስልኩ ያው፣ የሚስጥር ቁጥሩ ያው። ያኔ የትኛው የእናንተ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ ለማስረዳት ላባችሁ ጠብ ይላል። እህትና ወንድም መካከል የሚፈጠረውንማ ተዉት። በወንጀል የሚከሰስም አለ። የቴሌብሩም ነገር እንዲሁ ነው።

መንገዱ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1014 መሠረት ከውርሱ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው። ከሟቹ ዕዳ እንኳ ይቀድማል። ከኪሳችሁ ወይም ከዕድሩ አውጡና ደረሰኝ ሰብስቡ፤ የሳጥኑን፣ የመቃብሩን። ስትካፈሉ ተመላሽ ይሆናል። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ ከሆነ በወረቀት አስፈርሙት።

ውክልናው አሁንም ይሠራል ማለት

ውክልና የሰጪው ነፍስ ስትወጣ አብሮ ያልፋል፤ መርሁ ይኼ ነው። «ጠቅላላ ውክልና ነው፣ ማህተም አለው» ማለት አያድንም። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ አትጠቀሙበት፤ ሌላ ሰው እጅ ካለ ለባንኩ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ስሙን ጥቀሱት። እኔ ብጠቅሰው ኖሮ ምናልባት ያቺ 15 ሺህም ባልወጣች።

የእናትን ግማሽ መርሳት

በእኔ ግምት ብዙ ቤተሰብ ከባንክ ጋር በከንቱ የሚጣላው እዚህ ጋ ነው። ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይሄዳሉ። ባንኩ ግማሹን ይይዛል። «ገንዘባችንን በሉት!» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። ሂሳቡ በአባት ስም ብቻ መከፈቱ ለውጥ የለውም፤ የግል መሆኑን የሚያስረዳ ከሌለ እንደ ጋራ ይቆጠራል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ በዚህ ነገር ብዙም አይራራቁም። እንግዲህ ሂሳቡ ላይ 400 ሺህ ብር ካለና እናት በሕይወት ካሉ፣ 200 ሺው የራሳቸው ነው። ውርስ አይደለም፤ ፊትም የእሳቸው ነበር። ውርሱ የቀረው 200 ሺህ ነው። ልጆቹ አራት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 50 ሺህ ይደርሳቸዋል።

በተቃራኒውም ይሳሳታሉ። ሚስት ስለሆኑ ብቻ ሁሉንም ይወርሳሉ የሚል አለ። ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም፤ ግማሹን የሚወስደው በባልነት ወይም በሚስትነት ነው። ጉዳዩ በተከራካሪዎች ፈቃድ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከታየ ግን ድርሻው ሌላ ነው፤ እዚያ ሚስትም ወራሽ ናት።

ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ሳይሆን የጋብቻ ማስረጃም ያዙ። እማማንም ይዛችሁ ሂዱ። ካሸሩ ፊት የሚቀመጡት እሳቸው ሲሆኑ ነገሩ ይለዝባል።

የስም ነገር

ደብተሩ ላይ «ገ/ማርያም»፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ገብረማርያም»፣ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ማስረጃ ላይ «ገብሬ»። የባንኩ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ጸሐፊው እንደመሰለው ጽፎታል። አራት ሰው ሆነ ማለት ነው። ለአራት ሰው ደግሞ ማንም አይከፍልም።

ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አሮጌውን የቁጠባ ደብተር ፈልጉ። ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ፣ ከእማማ ጨርቅ መቋጠሪያ ውስጥ አይጠፋም። በእነዚህ ስሞች ሁሉ የሚጠራው አንድ ሰው መሆኑ በማስረጃው ላይ እንዲጻፍ ለፍርድ ቤቱ አመልክቱ። ማስረጃው ከወጣ በኋላ ማስተካከል ሌላ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ቀሪ ሂሳቡን ብቻ መጠየቅ

«ስንት አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ቁጥሩን ሰምቶ መውጣት። ይህ ባንኩን ከጥያቄ ያድነዋል፤ እናንተን ግን አይረዳም። መጠየቅ ያለባችሁ ስቴትመንቱን፣ ማለትም የገቢና ወጪ ዝርዝሩን ነው። ከሞቱ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ። «የደንበኛ ሚስጥር ነው» ካሏችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝላችሁ አመልክቱ፤ ፍርድ ቤት ለባንክ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ስቴትመንቱ ሲመጣ ቡና አስፈሉና በእስክሪብቶ መስመር በመስመር ሂዱበት። አባባ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በኤቲኤም የወጣ አለ? ካርዱ ማን ጋ ነበር? የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነበራቸው? ብድርስ ተቀንሷል? ከተቀነሰ ውሉ የታለ?

ጡረታ ላይ ተጠንቀቁ። ከሞቱ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ጡረታ ገብቶ፣ በኋላ ሲቀነስ ታያላችሁ። ሌብነት አይደለም። የጡረታ አበሉ ለሟች ከሞተ በኋላ አይገባም፤ ተመላሽ ነው። እናት በተተኪነት የሚያገኙት አበል አለ፤ እሱን ግን ከባንኩ ሳይሆን ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚጠይቁት። ውርስ ውስጥም አይገባም፤ ልጆች አትመኙት።

ወለዱንም አስሉ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። 300 ሺህ ብር ዓመት ቢቀመጥ ግብር ሳይነሳለት ወደ 21 ሺህ ይሆናል። ክርክሩ ሁለት ዓመት ከፈጀ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወለዱ ሂሳቡ ከታገደበት ቀን ጀምሮ ቆሞ ካያችሁ፣ በምን ውል እንደቆመ በጽሑፍ ጠይቁ። ሂሳቡ ከወለድ ነፃ ከሆነ ግን አትድከሙ።

ከካሸር ጋር መጨቃጨቅ

ምንም አታመጣላችሁም፤ ምስኪን ናት። ቅሬታችሁን ለቅርንጫፉ ጻፉ፣ ከዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ካልሆነ ለብሔራዊ ባንክ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት።

«ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ብሎ መፈረም

የማያከራክረውን ገንዘብ ሲሰጧችሁ አንድ የተዘጋጀ ወረቀት ያቀርቡላችኋል። ታች ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» ትላለች። ሰልፍ አለ፣ ሰዓቱ ምሳ ሊሆን ነው፣ እጃችሁ ለመፈረም ይቸኩላል። አንብቡ። ያልተፈታ ጉዳይ ካለ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ ጻፉ፦ «በዚህ ቀን ወጪ ስለሆነው ስለዚህን ያህል ብር ያለኝ ጥያቄ እንደተጠበቀ ሆኖ»። አይሆንም ካሉ የወረቀቱን ኮፒ ተቀብላችሁ ጠበቃ አማክሩ። እኔ ጽፌ ፈረምኩ። ልጁ ለአለቃው አሳየ፣ አለቃው ትከሻውን ነቀነቀ፣ ገንዘቡ ተከፈለኝ።

ውጭ ያሉትን መጨረሻ ላይ ማስታወስ

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው እህታችሁም ወራሽ ናት። እሷ ሳትፈርም ድርሻዋ አይነካም። ውክልናዋ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። ውስጡ ደግሞ ከባንክ ገንዘብ መቀበልና በፍርድ ቤት መከራከር በግልጽ ይጻፍ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ወረቀት ስንቱን ከባንክ ደጃፍ መልሶታል። አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለም ሞግዚቱን አስቀድማችሁ ፍርድ ቤት አስወስኑ።

ዓመቱን መርሳት

ወራሽ ሳይሆን ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረቱን የያዘ ሰው ካለ፣ መብታችሁንና መያዙን ባወቃችሁ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለባችሁ። የመጨረሻው ጣሪያ 15 ዓመት ነው። «ዓመቱ ይውጣና፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ» እየተባለ ሦስት ዓመት እንዴት እንደሚሄድ አትጠይቁኝ።

እኛ ክስ አልመሠረትንም። ዘመዳችንን በሽማግሌ አስቀረብነው። 60 ሺውን በሁለት ጊዜ መለሰ። «የቀረችውን 26 ሺህ ለአርባው በግ ገዝቼባታለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። በጉን እኔም በልቼለታለሁና ዝም አልኩ።