ሂሊየም ውስጥ የገባን ባዕድ ጋዝ በመልሱ እንዴት እናውቃለን?

ሱቅ ገብታችሁ 100 ብር ሰጣችሁ እንበል። መልሱ 35 ብር ከሆነ ዕቃው 65 ነበር። ዕቃውን ማየት አያስፈልግም። የፕላዝማ ኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒም፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባለፈበት ጋዝ ውስጥ የኤሌክትሮኖችን ጉልበት መለካት፣ ሥራው ይኸው ነው።

ሂሊየም ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንዳንዱ አተም 19.82 ኤሌክትሮን ቮልት (የአተም ጉልበት የሚለካበት ትንሽ መስፈሪያ) ጉልበት ይዞ ይቀራል። በብርሃን መልክ ቶሎ መልቀቅ አይሆንለትም። ይህን ጉልበት እንደ ብር ኖት ይዞ ሲዞር ባዕድ ጋዝ ያገኛል፤ ከዚያ ጋዝ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ይነቅላል። የመንቀያው ዋጋ እንደ ጋዙ ይለያያል። መልሱን ይዞ የሚሄደው የተነቀለው ኤሌክትሮን ነው። ይህ ፔኒንግ አዮናይዜሽን ይባላል።

መጀመሪያ ትንሿን ክፍል በቫክዩም ፓምፕ አራግፉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ግድግዳው ላይ የቀረ እርጥበት ኋላ ራሱን ባዕድ ጋዝ አድርጎ ይመጣል። ከዚያ ሂሊየሙን ከናሙናው ጋር አስገቡ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ለአጭር ጊዜ ለቃችሁ ወዲያው አጥፉ። ቮልቱ ከፍተኛ ስለሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የምንለካው ከጠፋ በኋላ ነው። ተራዎቹ ኤሌክትሮኖች ቶሎ ይቀዘቅዛሉ፤ ኖት የያዙት አተሞች ግን ቆየት ይላሉ። ኤሌክትሮን ከሂሊየም ጋር ሲጋጭ የሚያጣው ከጉልበቱ 1/3,650 ያህሉን ብቻ ነው፤ ሂሊየም ከሱ 7,300 ጊዜ ገደማ ይከብዳላ። መንገዱ አጭር ከሆነ መልሱን ሳይሸራርፍ ይደርሳል።

አሁን ክፍሏ ውስጥ ወዳለችው መለኪያ ሽቦ እለፉ። ቮልቷን ደረጃ በደረጃ ወደ ኔጌቲቭ እየገፋችሁ ከረንቱን መዝግቡ። የኔዘርላንዱ ፊዚክስ ተመራማሪ ድራይቬስቴይን በ1930 እንዳሳየው፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት የሚነበበው ከዚህ የቮልትና የከረንት ከርቭ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ (የከርቩ ተዳፋት ራሱ የሚለወጥበት ፍጥነት) ነው። ችግሩ ትንሿን ረብሻም አብሮ ያጎላል። ስለዚህ ደጋግማችሁ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በዚህ ዴሪቬቲቭ ላይ ጉብታ 7.75 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ብቅ አለ? 19.82 ሲቀነስ 7.75፣ 12.07። ኦክስጅን ነው። 4.06 ላይ ከሆነ አርጎን ነው፤ ዋጋው 15.76። ናይትሮጅን ግን 4.24 ላይ ይመጣል፤ መሣሪያችሁ ይህን ልዩነት ካልለየ "አርጎን ነው" ብላችሁ አትማሉ። ሚዛኑን ለማረጋገጥ 15 አካባቢ ያለውን ጉብታ እዩ፤ ኖት የያዙ ሁለት ሂሊየሞች ሲገናኙ የሚወጣ ነው። እሱ ከቦታው ከተንሸራተተ ሌላውም ተንሸራቷል።

ኒዮንን እዚህ አትፈልጉት። ዋጋው 21.56 ነው፤ ኖቱ አይበቃውም።