ጅማ ላይ መኪናችሁን ለቦሎ ምርመራ ከማስገባታችሁ በፊት

ቦሎው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ፣ እባካችሁ የመጨረሻው ቀን ላይ አትሂዱ። አምና ኮሮላዬን አሳጥቤ አሳምሬ ወሰድኳትና ፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ ስትወጣ የኋላው ግራ ጎማ ከቀኙ በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው ተባለ፣ ወደቀች። እኔ ስነዳት ምንም አልታወቀኝም ነበር። መካኒክ ጋ ወስጄ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ክብ ብረት) ሲፈታ ሸራው (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው) በፍሬን ዘይት ርሶ ከአጋሮ መንገድ ቀይ አፈር ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል፣ ለካ ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) አልቆ ሲያፈስ ነው የከረመው። በዛ ፍሬን ነው ልጆቼን ጭኜ የጊቤን ቁልቁለት የወረድኩት። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬን። ሞተር አስነስታችሁ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ያዙት፣ እግራችሁ ስር ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ወይ ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር እያስመለጠ ነው። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል በባትሪ እዩ፣ እርጥብ ነገር ካለ ይፈታ። ዘይቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ቀይሩት፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እጅ ፍሬኑን ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ ሞክሩት፣ ግን ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ሹፌሩም ከመኪናው እንዳይወርድ።

መብራት ብቻችሁን አይታይም፣ አንድ ሰው ከኋላ ይቁምላችሁ፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ የኋላ ማርሽ፣ የታርጋ መብራት ሁሉንም። የኛ ዝናብ መብራት ውስጥ ውሃ ስለሚያስገባ አምፖሉ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ዝጎ ነው ብዙ ጊዜ የማይበራው። ለኖርማል አምፖል የተሰራ ፋናል (የፊት መብራት) ውስጥ ኤልኢዲ የከተታችሁም አውጡት፣ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

ጎማ ላይ ጥርሱ መሀል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው የቀረው ማለት ነው፣ እንኳን ጭቃ ላይ አስፋልት ላይም ዝናብ ከጣለ ይንሸራተታል። ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝም አንብቡ፣ 2319 ከሆነ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ለምርመራ ቀን ብቻ ከጓደኛ ጎማ ተውሶ አስሮ መሄድ የለመዱ አሉ፣ እኔ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ በማግስቱ በዛው ባለቀ ጎማ ሰው ጭነው ነው የሚሄዱት።

ከምርመራው አንድ ቀን በፊት ላቫጆ ወስዳችሁ ከስር አሳጥቡ፣ ጭቃ የሸፈነውን ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ) ማንም አይቶ ደህና ነው ሊላችሁ አይችልም። እግረ መንገዳችሁን በክሪክ አንሱና ጎማውን ግራ ቀኝ ነቅንቁት፣ ቋ ቋ ካለ አስቀይሩ። ናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ካበዛ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ በበጋ የገጠር መንገድ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል፣ ካልሆነ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ስለሆነ በአንድ ቀን አይጠገንም።

ወረቀት፦ ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ ያለፈው ቦሎ፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቀኑ ያላለፈ (በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው)። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ቀድማችሁ ጨርሱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጉና ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፣ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ጣጣው ብዙ ነው። ትሪያንግል፣ ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማ፣ ክሪክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ እሳት ማጥፊያው ደግሞ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ይሁን፣ የኋላ ወንበር ቀበቶም ወንበሩ ስር ተቀብሮ እንዳይቀር።

በጠዋት ሂዱ። በር ላይ ሳትፈተሽ አሳልፍልሃለሁ የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ በገዛ ብራችሁ የራሳችሁን ፍሬን ሳታውቁ ልትወጡ ነው። ከወደቀችም አትከራከሩ፣ መርማሪውን የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ በሉት፣ በስልክ ፎቶ አንሱና ለመካኒኩ አሳዩት። እኔ ሲሊንደሩንም ሸራውንም በሁለቱም በኩል አስቀይሬ ተመለስኩ። ሸራ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀየረ ሮለሩ ላይ አሁንም ግራና ቀኙ አይመጣጠንም።