«ጌሙ እንዴት ነው?» ለሚል ሰው የሚጠቅም መልስ

ፒያሳም ሆነ አቶቴ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ቆሞ «ያ ጌም እንዴት ነው?» የሚል የሀዋሳ ልጅ ሂስ እየጠየቀ አይደለም። በሰዓት ከፍሎ ይጀምረው እንደሆነ፣ ዲስኩን ይግዛ ወይስ ከጓደኛ ይዋስ፣ ለ50 ጊጋ ዳታ ብር ያውጣ አያውጣ መወሰን ፈልጎ ነው። «አሪፍ ነው» ቢሉትም «ይደብራል» ቢሉትም ለዚህ አይረዳውም። «ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። 8 የሰጠ ሰው ምኑን ወዶ እንደሆነ ከቁጥሩ ማንም አያወጣውም።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ማሽኑን ተናገሩ

ወደደንም ጠላንም አንድ ጌም በሁለት ማሽን ላይ ሁለት ጌም ነው። ስለዚህ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት በምን እንደተጫወታችሁ፣ አፕዴት የተደረገ መሆኑን፣ ስንት ሰዓት እንደሄዳችሁና ብቻችሁን ይሁን ከሰው ጋር ተናገሩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በጌም ዙሪያ ከሚነሳው ክርክር አብዛኛው ይህ ስለሚዘለል የሚመጣ ነው።

የኳሱን ጌም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ን ውሰዱ። ሃይፐርሞሽን ቪ የሚባለው፣ ከእውነተኛ ግጥሚያ ቪዲዮ የተቀዳ የተጫዋቾች እንቅስቃሴ ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5)፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ እና ኮምፒውተር ላይ እንጂ ፒኤስ4 ላይ የለም። የፒኤስ5 ቪዲዮ አይቶ «አሯሯጣቸው ተለውጧል» የሚል ሰው ለፒኤስ4 ባለቤት የሌለ ዕቃ እየሸጠለት ነው። ለሁለቱም የሚሠራውን ለይቶ መናገር ይሻላል። ፕሌይስታይል የሚባለው፣ ተጫዋቾችን በልዩ ችሎታቸው የሚለየው አሠራር፣ ሁለቱም ላይ አለ።

ሳይበርፐንክ 2077 ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ፒኤስ4 ላይ በጣም ከመበላሸቱ የተነሳ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ከኦንላይን መደብሩ አንስቶት እስከ ሰኔ 2021 አልመለሰውም። ከዚያ በአፕዴት እየተጠገነ መጣ፤ 2.0 የተባለው ትልቁ ለውጥ ግን ለፒኤስ4 አልወጣም። አሁን የመጀመሪያውን ዲስክ ገዝቶ ኢንተርኔት ያልገባለት ማሽን ላይ የሚጭን ሰው የሚጫወተው የ2020ውን ጌም ነው። የቱን እንደተጫወታችሁ ለማወቅ የጌሙ ምስል ላይ ቆማችሁ «ኦፕሽንስ» ተጫኑና «ኢንፎርሜሽን» ውስጥ የቨርዥኑን ቁጥር አንብቡ። ለጠየቃችሁ ሰውም ያንኑ ቁጥር ንገሩት።

ቦታውንም አትርሱ። የካውቦይ ጌሙ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ፒኤስ4 ላይ በሁለት ዲስክ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ዳታ ዲስኩ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ፕሌይ ዲስኩ ብቻ ነው። ከ100 ጊጋ በላይ ይይዛል። ባለ 500 ጊጋ ማሽን ላይ ለጌም የሚተርፈው ወደ 400 ስለሆነ፣ ይህን አንድ ጌም ለመጫን ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ማጥፋት ሊኖር ይችላል። ዲስክ የሚዋስ ሰው ይህን ቀድሞ ቢሰማ ይመርጣል።

ስንት ሰዓት ተጫውቶ ነው መናገር የሚቻለው?

እንደ ጌሙ ይለያያል። ሬድ ዴድ 2 መጀመሪያው በረዶ ውስጥ ነው፤ ቀስ ያለ ነው፣ ፈረሱም በበረዶው እየተንቀረፈፈ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ያቆመ ሰው «ይደብራል» ቢል አልዋሸም፣ ግን የተናገረው ስለ በረዶው ብቻ ነው። ዋናው ታሪክ ወደ 50 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ተጫውታችሁ ከሆነ «ሁለት ሰዓት ነው የሄድኩት፣ እስካሁን ቀርፋፋ ነው» በሉ፤ ፍርዱን ለራሱ ተዉለት።

በኳስ ጌም ሰዓት ሳይሆን ግጥሚያ ቁጠሩ። ከ10 ግጥሚያ በታች ተጫውቶ ስለ መከላከል ማውራት አይቻልም። ሪያል ማድሪድን ይዞ ጀማሪ ልጅን 5 ለ 0 የቀጣ ሰው ያወቀው ማጥቃትን ብቻ ነው። አጋማሹ ስንት ደቂቃ እንደነበርም ተናገሩ። ወረፋ ባለበት ቤት 4 ደቂቃ ሲደረግ ሁሉም እየሮጠ ያጠቃል፤ ያው ጌም ቤት ውስጥ በ8 ደቂቃ ሲጫወቱት ኳስ መያዝና ቅያሪ ትርጉም ያገኛሉ።

ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ትኩስ ትኩሱን ሦስት መስመር ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ እጄን ያስደሰተው፣ ያናደደኝ፣ ያቆምኩበት ቦታ። ከሳምንት በኋላ የሚቀረው ስሜት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዲስኩ የራሳችሁ ከሆነ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይመጣል፤ ብር የወጣበትን ጌም ማንም በቀላሉ አያማም።

እጃችሁ የሚሠራውን ንገሩ

«ግራፊክሱ እሳት ነው» የሚለውን ማንም በቪዲዮ ሊያየው ይችላል። ቪዲዮ የማያሳየው እጅ የሚሰማውን ነው። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ላይ ኤል2 የሚባለውን በተን ይዛችሁ አር1 ስትጫኑ ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሬቶስ መጥረቢያውን ይወረውራል፤ ትሪያንግል ስትጫኑ እየተሽከረከረ ይመለስና መዳፉ ላይ ሲያርፍ ጆይስቲኩ እጃችሁ ውስጥ ይነዝራል። ይህን ለጓደኛ መንገር «ውጊያው ልዩ ነው» ከማለት አሥር እጥፍ ይናገራል። ሞክሩት፦ በአንድ ደቂቃ ውጊያ ውስጥ የትኛውን በተን ስንት ጊዜ ትጫናላችሁ? ሁልጊዜ ያው አር1 ከሆነ እሱም መረጃ ነው፤ ለአንዳንዱ ዕረፍት ነው፣ ለሌላው መሰላቸት።

ይህን የሰማ ሰው ምንም አላተረፈም፦

«ብሮ ጎድ ኦፍ ዋር በቃ ሌላ ነው፣ ስቶሪው ያስለቅሳል፣ መጫወት አለብህ!»

ይሄኛውን የሰማ ግን ይወስናል፦

«ፒኤስ4 ላይ 12 ሰዓት ሄጃለሁ፣ አልጨረስኩትም። ካሜራው ትከሻው ላይ ነው፣ እንደ ድሮዎቹ መድረኩን ሙሉ አታይም፣ ከኋላ የሚመጣብህን ልጁ ነው የሚነግርህ። ጀልባ ላይ ብዙ ያወራሉ፤ እንግሊዝኛው ካልገባህ ግማሹ ያመልጥሃል። የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ እንዳትመርጥ፣ መሃል ላይ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ጥግ ጥጉን እየፈተሹ ሳጥን መክፈት የሚሰለችህ ከሆነ ግን ይቅርብህ።»

የመጨረሻዋ «ይቅርብህ» ትልቅ ቦታ አላት። ጌሙ ለማን እንደማይሆን ያልተናገረ ሰው አስተያየት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው የሰጠው።

ቋንቋውን በተመለከተም በግልጽ ተናገሩ። እነዚህ ትልልቅ ጌሞች ምርጫቸው ውስጥ አማርኛ የላቸውም። ኤፍሲን ያለ አንድ ቃል እንግሊዝኛ መጫወት ይቻላል፤ ሬድ ዴድን ግን ሰብታይትል ሳያነቡ መጫወት ፈረስ መጋለብ ብቻ ይሆናል። ኤልደን ሪንግ ደግሞ የሚያነበውንም አያዝንለትም፤ ታሪኩ በየዕቃው ማብራሪያ ተበታትኖ ነው የተቀመጠው፣ «ቀላል» የሚባል ደረጃም የለውም።

ጥፋቱ የጌሙ ነው ወይስ የቤቱ?

ብዙ ጥሩ ጌም ስሙ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። «አይታዘዝም»፣ «ይዘገያል»፣ «ብቻውን ይሄዳል» ከማለታችሁ በፊት የሚከተሉትን ፈትሹ።

ተጫዋቹ ወይም ካሜራው ብቻውን ከሄደ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። አሁንም ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ድሪፍት ነው። ከአናሎጉ ሥር እንቅስቃሴውን የሚለካው ክፍል ከብዛት ሲያልቅ ወይም አቧራ ሲገባው ይመጣል። ሌላ ጆይስቲክ ቀይራችሁ ያው ቦታ ላይ ሞክሩ፤ ከጠፋ ጌሙ ንጹሕ ነው።

ትእዛዙ አንዳንዴ ብቻ የሚዘልል ከሆነ፣ በተለይ ስድስት ሰባት ማሽን ጎን ለጎን በተደረደረበት ቤት፣ ብሉቱዙ እየተጣበበ ሊሆን ይችላል። ፒኤስ4 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ»፣ ከዚያ «ኮንትሮለርስ» ገብታችሁ «ኮሚዩኒኬሽን ሜተድ» የሚለውን ወደ ዩኤስቢ ኬብል ቀይሩትና በገመድ ሞክሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ገመድ ለዚህ አይሆንም፣ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት።

ሁሉም ነገር እኩል የሚዘገይ ከሆነ ቲቪውን ተጠራጠሩ። ዘመናዊ ቲቪ ምስሉን እያሳመረ ሲያቀርብ ይቆያል፤ ቆይታው 100 ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም ይህ ማለት የምታዩት ስድስት ፍሬም ያረጀ ነገር ነው። ተከን ወይም ሞርታል ኮምባት ላይ መከላከል የማይቻል የሚመስለውም ለዚህ ነው። ከቲቪው ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩትና ያንኑ ውጊያ ድገሙት። ቀለሙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ እጃችሁ ግን ይመለሳል።

ማሽኑ እንደ ጀት ከጮኸ ወይም ሞቆ ከጠፋ የአየር ጉዳይ ነው። በሀዋሳ ሙቀት፣ በተዘጋ የቲቪ ሣጥን ውስጥ፣ ፋኑ አቧራ ጠጥቶ ያለ ፒኤስ4 ከባድ ጌም ሲያገኝ ይጮኻል። ከሣጥኑ አውጡት፣ ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉለት።

«ሴቬን በላው» የሚለው ቅሬታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጌሙ አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ አራት ልጅ በአንድ ዩዘር ሲጫወት የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል። ፒኤስ4 እስከ 16 ዩዘር ይቀበላል፤ ታሪክ ያለው ጌም የምትጀምሩ ከሆነ የቤቱን ባለቤት «እባክህ ጋሼ፣ ለእኔ ለብቻ ክፈትልኝ» ማለት ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፤ የመመዝገቢያዋ ምልክት እየዞረች እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ሰሞን በእጅ ሴቭ የሚደረግ ጌም ከሆነ በየ20 ደቂቃው አድርጉ፤ አስተያየት ስትሰጡም ጌሙ በራሱ ብቻ ሴቭ የሚያደርግ ወይስ በፈለጋችሁ ሰዓት የሚፈቅድ መሆኑን ጨምሩበት። በሰዓት ለሚከፍል ሰው ይህ ከግራፊክስ ይበልጥበታል።

የስልክ ጌም

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር በቂ ነው። አንደኛው ፒንግ ነው፤ ትእዛዛችሁ በኢንተርኔት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ። ፐብጂ ሞባይል ላይ ስትጫወቱ ይታያል፤ ከ100 በታች ከሆነ ምቹ ነው፣ 200 ሲያልፍ ግድግዳ ጀርባ ከተደበቃችሁ በኋላ ትሞታላችሁ። ቤት ዋይፋይና የሞባይል ዳታ ላይ፣ ቀን እና ማታ ለየብቻ አይታችሁ ተናገሩ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ያየው ፒንግ ታቦር ሥር ላለ ቤት አይሠራም።

ሁለተኛው ዳታ ነው። ዳውንሎዱንና መጫወቱን አትቀላቅሉ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ጌሙ የበላውን ሜጋ ባይት ጻፉ፣ ሦስት ግጥሚያ ተጫወቱ፣ ልዩነቱን ለሦስት አካፍሉ። ኢፉትቦልን «ነጻ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በ2021 የቀድሞውን የኳስ ጌም ፔስን ተክቶ ሲመጣ ያለ ክፍያ ሆነ፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ተደግፎ የሚኖር ጌም ነው። የስልኩንም ሞዴልና ራም ጥቀሱ፤ ባለ 3 ጊጋ ስልክ ላይ የሚቆራርጠው ባለ 8ቱ ላይ ላይቆራርጥ ይችላል።

የራሳችሁን ብቻ ተናገሩ። ከዩቲዩብ የተቀዳ አስተያየት ሲሆን የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያልወጣ ጌም በትሬለሩ መተንተንም ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ለመዝናናት ይሁን፣ ግን «ግዛው» እስከማለት አትድረሱ።

ታሪኩን ሳያበላሹ ማሳየት

ልኩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚታየውን መናገር ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን «መሃል ላይ አንድ ነገር አለ» ማለት ራሱ ማበላሸት ነው፤ ሰሚው እሱን እየጠበቀ ይጫወታል። ሞት፣ ክህደት፣ አዲስ መሣሪያ፣ የመጨረሻው ቦስ (ትልቁ ጠላት) ማን እንደሆነ አይነካም።

ቪዲዮ ለማሳየት ከፈለጋችሁ ፒኤስ4 ሳታዙትም የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ይይዛል። «ሼር» አንዴ ተጫኑ፣ ሜኑው ሲመጣ ስኩዌር ቪዲዮውን፣ ትሪያንግል ፎቶውን ያስቀምጣል። «ሼር»ን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ከተጫናችሁ ግን አዲስ ቀረጻ ይጀምራል፤ ያ ቆንጆ ጎል ያለበት ከእጅ ያመለጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማሽኑ አያየውም። ከ15 ደቂቃው ውስጥ 30 ሴኮንዱን ቆርጣችሁ፣ ቴሌግራም ላይ በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት ላኩት። ካልሆነ ጥራቱን ጨምቆት «ግራፊክሱ ይሄ ነው እንዴ?» ትባላላችሁ። ከታሪኩ የሚነካ ጽሑፍ አብራችሁ የምትጽፉ ከሆነ ቃሉን መርጣችሁ «ስፖይለር» የሚለውን ተጫኑ፤ የሚከፈተው ሊያነበው የፈለገ ሰው ሲነካው ብቻ ነው።